ቅጠሉን ገልብጡት፦ የክሪሳንተመም ነጭ ዋግ በጄኔቫና በዙሪክ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ዝግጅታችን በጓሮም በበረንዳም ስለምታሳድጉት አንድ አበባና አበባውን ስለሚያጠፋው በሽታ ነው። አበባው ክሪሳንተመም ነው፤ በሽታው ደግሞ ነጭ ዋግ።

ሴፕቴምበር ሲገባ በጄኔቫም በዙሪክም በየገበያ አዳራሹ ደጃፍ ቢጫ፣ ነጭና ወይን ጠጅ ክሪሳንተመም በማሰሮ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። የሀገሬው ሰው፣ በተለይ ካቶሊኩ፣ ኖቬምበር 1 ቀን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሲደርስ ከዘመዶቹ መቃብር ላይ ያኖረዋል። ከእኛ ሰው ደግሞ ቢጫውን መርጦ ለእንቁጣጣሽ ሳሎን የሚያስገባው አለ፤ አደይ አበባ በሌለበት ምን ይደረግ! ምርጫውም ያን ያህል የራቀ አይደለም፤ አደይና ክሪሳንተመም ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚወለዱ ናቸው። ጎረቤታችሁ የመቃብር አበባ ከምግብ ጠረጴዛ ላይ አይቶ ቢደነግጥ ግን አትቀየሙት።

ጣጣው የሚጀምረው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። አበባው ወደ በረንዳ ይወጣል፣ ዝናብ ያገኘዋል፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቅጠሉ ነጠብጣብ ማውጣት ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ወጣበት፤ ምን ልርጭበት?» የኔም መልስ ሁልጊዜ ጥያቄ ነው፤ ነጩ ነገር ያለው ከቅጠሉ ፊት ነው ወይስ ከጀርባው? ይህን ሳያውቁ መድኃኒት ቤት መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ነጭ ሆኖ ከሚታየው አንዱ ተክሉን ይዛችሁ ልትኖሩበት የምትችሉት ሻጋታ ነው። ሌላው ግን ተክሉን ዛሬውኑ ከቤት እንድታስወጡ የሚያስገድድ ነው።

እስቲ አስጊውን እናስቀድም።

ነጭ ዋግ የያዘው ክሪሳንተመም መጀመሪያ ምልክት የሚያሳየው በቅጠሉ ፊት ላይ ነው። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ትልቁ ቢባል 5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ቀናት ሲያልፉ መሐሉ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ «ውሃ አንሶት ነው» ብሎ ያጠጣዋል፤ ያውም ከላይ። አሁን ቅጠሉን ገልብጡት። ከእያንዳንዱ ነጠብጣብ ትክክል፣ ከሥሩ በኩል፣ ወጣ ወጣ ያለ ብጉር ታያላችሁ። መጀመሪያ ቀለሙ ሐመር ሮዝ ነው፤ የሰም ወዝ አለው። ሲበስል ይነጣል። ከፊት ሰርጎድ ያለው ቦታ ከኋላ ያበጠ ከሆነ፣ ብጉሩም በጣት ቢታሽ የማይለቅ ከሆነ፣ ነገሩ ነጭ ዋግ ነው። ዓይናችሁ ከደከመ የስልካችሁን ካሜራ አቅርባችሁ ፎቶ አንሱና አጉሉት፤ ከዚያ ያለፈ መሣሪያ አያስፈልግም።

አርሲና ባሌ ወይም ጎጃም ያደገ አድማጭ ዋግ የሚለውን ስም ከስንዴ ማሳ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የሀገራችንን ስንዴ ክፉኛ እንደመታው፣ ከ2013 ጀምሮም ዲጋሉ የተባለውን ዝርያ የግንድ ዋግ አርሲና ባሌ ላይ እንዳጠቃው የሚያስታውስ ብዙ ነው። የክሪሳንተመሙ ዋግ የእነዚያ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ፑቺኒያ ከሚባለው አንድ ወገን ይመደባሉ። ግን በጠባይ አንድ ትልቅ ልዩነት አላቸው። የስንዴው የግንድ ዋግ የሕይወት ዙሩን በሙሉ ለመጨረስ ባርበሪ የሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ይፈልጋል፤ ይህንን ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በ1860ዎቹ በሙከራ አሳይቷል። ነጭ ዋግ ግን ሁለተኛ ማደሪያ የለውም። የሚኖረው በክሪሳንተመምና በጣም ጥቂት በሆኑ የቅርብ ዘመዶቹ ላይ ብቻ ነው። በስዊስ መስክ ላይ በሰፊው የሚያብበውን ተራውን ነጭ ማርጋሪት አይነካውም። ጽጌረዳችሁን አይነካውም፤ ጎመናችሁንም፣ ጤና አዳማችሁንም አይነካውም። ስለዚህ የታመመው ክሪሳንተመም ከሄደ በሽታውም መቆሚያ ያጣል። ይህንን ያዙልኝ፤ ኋላ ስለ ማስወገድ ስንነጋገር ይጠቅመናል።

ትውልዱ ከሩቅ ምሥራቅ ነው። በጃፓን የታወቀው በ1895 ሲሆን፣ በ1901 ጀርመናዊው የፈንገስ ተመራማሪ ፓውል ሄኒንግስ ፑቺኒያ ሆሪያና ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል ከጃፓንና ከቻይና ብዙም ሳይርቅ ኖረ። በ1963 እንግሊዝ ውስጥ ተገኘ። ከዚያማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአውሮፓን የአበባ ቤቶች አዳረሰ። ያዳረሰው በነፋስ አይደለም፤ ሰው ተሸክሞ ነው። የክሪሳንተመም ንግድ የሚሄደው በዘር ሳይሆን በካቲንግ ነው፤ ማለትም ከእናት ተክሉ ላይ ተቆርጦ ሥር እንዲያወጣ በሚተከል ቀንበጥ። ጤነኛ የሚመስል ካቲንግ በሽታውን በውስጡ ይዞ ድንበር ይሻገራል።

በነገራችን ላይ ስዊዘርላንድ ስለ ዋግ ብዙ የተጻፈባት ሀገር ናት። የበርኑ ኤድዋርድ ፊሸር የስዊዘርላንድን ዋጎች አንድ በአንድ የመዘገበበትን መጽሐፍ በ1904 አሳተመ። በዙሪክ የፌዴራሉ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢቴሃ በሚባለው፣ ሲያስተምር የነበረው ኤርንስት ጎይማን ደግሞ የመካከለኛው አውሮፓን ዋጎች በ1959 በአንድ ግዙፍ ጥራዝ ሰበሰበ። ጎይማን የሞተው በ1963 ነው፤ ነጭ ዋግ እንግሊዝ በገባበት ዓመት። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በተጻፈበት ከተማ ዛሬ አትክልተኛው ሁሉ ነጠብጣብ ባየ ቁጥር አንድ ጠርሙስ ገዝቶ ሲረጭ ማየት ይገርማል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ጄኔቫና ዙሪክ ለዚህ በሽታ ለምን እንደሚመቹ እንይ።

ከብጉሩ ውስጥ ያሉት ስፖሮች፣ ማለትም የፈንገሱ ዘሮች፣ ከቅጠሉ አይለቁም። እርጥበት ሲያገኙ እዚያው ባሉበት ይበቅሉና ሌላ ትንንሽ፣ ስስ የሆኑ ስፖሮችን ወደ አየር ይለቃሉ። የሚበሩት እነዚህኞቹ ናቸው። ብናኞቹ ግን እጅግ ደካሞች ናቸው፤ የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በ5 ደቂቃ ውስጥ ያልቃሉ። 90 በመቶ ሲሆን አንድ ሰዓት ያህል ይቆያሉ። ጭጋግና ካፊያ ባለበት ቀን ደግሞ እስከ 700 ሜትር ድረስ በነፋስ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ዙሪክን ለምታውቁ፣ የባንሆፍሽትራሰን ግማሽ ማለት ነው። እርጥብ ቅጠል ላይ ካረፉ ጠቅላላው ሥራ ከ5 ሰዓት በላይ አይፈጅባቸውም፤ 5 ሰዓት እርጥብ ሆኖ የቆየ ቅጠል ለአዲስ ልክፍት በቂ ነው። ምልክቱ የሚታየው ከዚያ ወዲያ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው።

ሙቀቱስ? ለመብቀል ከ4 እስከ 23 ዲግሪ ይስማማቸዋል፤ በጣም የሚመቻቸው 17 አካባቢ ነው። እንግዲህ አስቡት። የሴፕቴምበር አማካይ ሙቀት በዙሪክ 14 ዲግሪ ተኩል፣ በጄኔቫ 16 ገደማ ነው። ዙሪክ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ጄኔቫ 950 ያህል። የአዲስ አበባም መጠን ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ግን የእኛ አብዛኛው በክረምቱ ወራት ወርዶ ያልቅና ከዚያ ሰማዩ ይጠራል። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ያንጠባጥባል። በመከር ደግሞ ከአልፕስ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ ዝቅተኛ ደመናና ጉም ይተኛል፤ ጠዋት ያየነው ጤዛ እስከ እኩለ ቀን ከቅጠል ላይ አይለቅም። ጄኔቫዎች ቢዝ የምትሉት ያ ደረቅ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ፣ ጆሮ የሚቆርጠው፣ ለክሪሳንተመም ባለውለታ ነው፤ ቅጠሉን ያደርቅለታል። ሰዉ ቢዝን ሲረግም እሰማለሁ፤ አትክልተኛ ግን ቢያመሰግነው ይሻላል።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው፤ ቅጠል አታርጥቡ። ውሃ ጠዋት፣ ከግንዱ ሥር፣ አፈሩ ላይ ብቻ ይፍሰስ። ማታ ማጠጣት፣ ያውም ከላይ፣ ለነጭ ዋግ የሌሊት እራት ማቅረብ ነው። በረንዳ ያላችሁ ማሰሮውን ከጣሪያው ጥላ ሥር፣ ዝናብ ከማይደርስበት ግድግዳ አጠገብ አስጠጉት። በማሰሮና በማሰሮ መካከል ክንድ የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉ። ጓሮ ያላችሁ ከግንዱ በታች ያሉትን ቅጠሎች እስከ አንድ ስንዝር ድረስ አራግፉ፤ ከአፈር የሚረጨው ጭቃ አያገኛቸውም፣ አየርም ይዘዋወራል።

አሁን ደግሞ ነጭ ዋግ ስለሚመስሉት፣ ግን ስላልሆኑት።

ዱቄት መሳዩ ሻጋታ የሚቀመጠው በቅጠሉ ፊት ላይ ነው። በአውራ ጣት ስታሹት ይለቃል፤ ሥሩ ያለው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ጀርመንኛ ተናጋሪው ሜልታው፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ኦይድዮም ይለዋል። ለመብቀል የውሃ ጠብታ አያስፈልገውም፤ ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ እርጥብ በሆነ በኦገስት ወራት ይበረታል። የባሰባቸውን ቅጠሎች መቁረጥ፣ ተክሉን ማሳሳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ግድ ካላችሁ ድኝ ወይም ፖታሲየም ባይካርቦኔት ያለበት፣ ለቤት አትክልተኛ የተፈቀደ ምርት ይሠራል፤ ድኙን ግን በጠራራ ፀሐይ አትርጩ፣ ቅጠል ያቃጥላል። ወተት በውሃ በጥብጦ መርጨት ይረዳል የሚባለውም ለዚህኛው ሻጋታ ነው፤ ብራዚላዊው ዋግነር ቤቲዮል በ1999 በዝኩኒ ላይ ሞክሮ ውጤት እንዳገኘ ጽፏል። ለነጭ ዋግ ግን ወተቱን ጠጡት።

ቡናማ ዋግ ደግሞ አለ። እሱም ከቅጠሉ ጀርባ ነው፤ ግን ጣታችሁን በቡናማ ብናኝ ያቀልመዋል። ከነጩ ይለዝባል፤ የተያዙትን ቅጠሎች ለቅሞ ማስወገድ አብዛኛውን ጊዜ ያስቆመዋል።

ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ብጉር የሌለው፣ ሴፕቶሪያ የሚባለው የቅጠል በሽታ ነው። የአበባው ቅጠል ራሱ ቡናማ ጠብታ አውጥቶ በግራጫ ፀጉር ከተሸፈነ ግራጫ ሻጋታ ነው፤ ኦክቶበር ላይ የረጠበ አበባ ሁሉ ያገኘዋል፤ የበሰበሰውን ቁረጡና ተክሉን ወደ ደረቅ ቦታ አሸሹት። አንደኛው ጎን ብቻ ጠውልጎ ሌላው ደህና ከሆነ ግንዱን በአግድም ቁረጡት። ውስጡ የቡና ቀለም ያለው ቀለበት ካሳየ በሽታው በአፈር በኩል የገባ ነው፤ እሱን የሚያድን ርጭት የለም።

አንዱ ደግሞ ፈንገስ ሳይሆን ፈንገስ መስሎ ብዙ ሰው ያታልላል። በቅጠሉ ደም ሥሮች መካከል ልክ በማስመሪያ የተከለለ የሚመስል ቡናማ ቦታ ካያችሁ፣ ጠርዙም በደም ሥሩ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ይህ በዓይን የማይታይ ቀጭን ትል ሥራ ነው፤ ኔማቶድ ይባላል። የፈንገስ መድኃኒት ብታጠጡት አንድ ነገር አይሆንም።

(አጭር ሙዚቃ)

እንመለስ ወደ ነጭ ዋጉ። ቅጠሉን ገለበጣችሁ፣ ብጉሩን አያችሁ። ምን ይደረግ?

ሦስት አራት ማሰሮ ላለው ሰው የኔ ምክር አጭር ነው፤ አስወግዱት። እኛ ደግሞ ለተክል ማዘን ይዞናል። «ትንሽ ልየው፣ ምናልባት ይድን ይሆናል» እንላለን። አንድ ሁለት ቅጠል ላይ ብቻ የታየ እንደሆነ ቅጠሎቹን ቆርጦ፣ ማሰሮውን ለብቻው አግልሎ ለሦስት ሳምንት መጠበቅ አይከለከልም። ከዚያ ያለፈ ከሆነ ግን ተክሉ ከነማሰሮው አፈር ይሂድ። ከሱ ጋር ስትታገሉ ሌላውን ታስይዛላችሁ።

ሰዓት ምረጡ። ፀሐይ የወጣበት፣ ቅጠሉ የደረቀበት፣ ከቀትር በኋላ ይሁን። በደረቅ አየር ብናኙ ከ5 ደቂቃ እንደማያልፍ ነግሬያችኋለሁ። በዝናብና በጭጋግ የታመመ ተክል መነካካት ግን በሽታውን በገዛ እጅ መዝራት ነው። ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ከላይ ወደ ታች አልብሱት፣ ከዚያ ከሥሩ ቁረጡና እዚያው ውስጥ እንዳለ እሰሩት። የወደቁትን ቅጠሎች ልቀሙ። መቀሱን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ያን ቀን ሌላ ክሪሳንተመም አትንኩ።

ከረጢቱ የት ይጣል? በግቢ ከሚከመረው ብስባሽ ውስጥ አይሁን፤ የቤት ብስባሽ ሙቀቱ አይበቃም። እሳት ማንደድም አይታሰብ፤ እርጥብ የአትክልት ጥራጊ ማጨስ እዚህ ሕግ ይከለክለዋል፣ ጎረቤትም ቀድሞ ይከሳችኋል። መልካሙ ነገር ስዊዘርላንድ ከ2000 መጀመሪያ ወዲህ የሚቃጠል ቆሻሻን ሁሉ በማቃጠያ ጣቢያ እንዲያልፍ ማድረጓ ነው። ስለዚህ በዙሪክ ክፍያ ባለበት ዙሪ ሳክ ከረጢት ውስጥ ጨምራችሁ ብታወጡት መጨረሻው እሳት ነው፤ የዙሪኩ ማቃጠያ ሀገንሆልዝ ነው። በጄኔቫ ከረጢቱ ልዩ ክፍያ የለበትም፤ ከተራው የቤት ቆሻሻ ጋር ይወጣና ወደ ሼኔቪዬ ይሄዳል። ዙሪክ ያላችሁ «ለአበባ ብዬ የዙሪ ሳክ ልጨርስ?» ብላችሁ እንደምታጉረመርሙ አውቃለሁ። አዎ፣ ጨርሱ።

ባዶ የቀረውን ቦታስ? በደረቅ ሁኔታ የተቀመጠ የወደቀ ቅጠል ላይ ስፖሩ እስከ 8 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ በአፈርና በብስባሽ ውስጥ ከ3 ሳምንት አያልፍም። ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ቦታ ክሪሳንተመም ካልተተከለ ቦታው ነጻ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ የተቆረጠው ተክል ከሥሩ የሚያወጣው ቀንበጥ። ፈንገሱ ብርዱን የሚያልፈው በሕይወት ባለ ቀንበጥ ውስጥ ነው። ጓሮ ውስጥ ጉቶ ከተዋችሁ በኤፕሪል ከነበሽታው ይነሳል። ስለዚህ ከሥሩ ይነቀል።

ስለ መድኃኒት አንድ ቃል። ነጭ ዋግን የሚገታ የፈንገስ መድኃኒት አለ፤ ትላልቅ አበባ አምራቾች በፕሮግራም ይጠቀሙበታል። ለቤት አትክልተኛ ግን አልመክርም። አንደኛ፣ የተፈቀደው ጠርሙስ ከተክሉ ሊወደድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ፈንገሱ ለአንዳንዶቹ መድኃኒቶች በተለያዩ ሀገሮች ተለማምዷል። ሦስተኛው ይብሳል፤ ርጭቱ ምልክቱን ይደብቅና በሽታውን ከውስጥ ይተወዋል። ደህና መስሏችሁ በጸደይ ቀንበጥ ቆርጣችሁ ለወዳጅ ትሰጣላችሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወይ በማኅበር ቀን፣ የጤና አዳሙም የበሶብላውም የአበባውም ቀንበጥ በፌስታል ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ይታወቃል። ደግ ልማድ ነው፤ እኔም ተቀብያለሁ። ክሪሳንተመም ከሆነ ግን ተቀባዩ ለሦስት ሳምንት ለብቻው ያስቀምጠው። አሮጌ መድኃኒት በቤታችሁ ካለ ደግሞ ወደ ፍሳሽ አታፍሱት፤ ወደ ገዛችሁበት ሱቅ መልሱት፣ ሻጩ ከግለሰብ በነጻ የመቀበል ግዴታ አለበት።

የጋራ የአትክልት ቦታ፣ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ሽሬበርጋርተን፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ዣርዳን ፋሚልያል የሚሉት ዘንድ ቁራሽ መሬት ያላችሁ፣ የማኅበራችሁን ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙው ቦታ ኬሚካል ላይ ጥብቅ ነው። በሽታውን ስታዩም ለጎረቤት ባለመሬት ንገሩ። ያፍራል፣ ይቆጣል ብላችሁ አትሽሹ፤ ያ 700 ሜትር የማንንም አጥር አይቆጥርም። በጀርመንኛ ዋይሰር ክሪዛንተመንሮስት፣ በፈረንሳይኛ ሩይ ብላንሽ በሉት፤ ይገባቸዋል። ባለሙያ ማማከር የፈለገ፣ በዙሪክ ካንቶን ሽትሪክሆፍ የሚባለው የግብርና ማዕከል የዕፅዋት ጥበቃ ክፍል አለው። በጄኔቫ የካንቶኑ የግብርናና የተፈጥሮ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ኦካን ይሉታል።

ከሁሉ በላይ ግን ጥንቃቄው የሚጀምረው ሲገዛ ነው። የማሰሮውን የላይኛውን ውበት ትታችሁ ከታች ያሉትን ቅጠሎች ገልብጣችሁ እዩ። ሻጩ ቢያይም ግድ የለም፤ ቲማቲም ገልብጦ የሚያይ ሰው አበባ ቢገለብጥ ነውር አይደለም። አውሮፓ ኅብረት ነጭ ዋግን በሚተከል ክሪሳንተመም ላይ ጨርሶ እንዳይገኝ ከሚፈልጋቸው በሽታዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ስዊዘርላንድም ከ2020 ጃንዋሪ ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው የዕፅዋት ጤና ሕግ፣ በነጋዴዎች መካከል የሚተላለፍ የሚተከል ተክል ሁሉ የዕፅዋት ፓስፖርት እንዲኖረው ታዝዛለች። ትንሽ ወረቀት ናት፤ ብዙ ጊዜ ከማሰሮው ጎን ተለጥፋ የስዊስ ባንዲራ ወይም የኅብረቱ ኮከብ ይታይባታል። ሱቁ ለግል ገዢ ፊት ለፊት ሲሸጥ እንድትኖር ግድ የለም፤ በፖስታ የታዘዘ ተክል ላይ ግን መኖር አለባት። በኢንተርኔት የገዛችሁት ከሆነ ፈልጓት።

በክሪሳንተመም ንግድ የሀገራችን ድርሻም አለበት። ከስምጥ ሸለቆ፣ ከቆቃ አካባቢ እርሻዎች ሥር ያላወጡ የአበባ ካቲንጎች በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይጫናሉ፤ ክሪሳንተመምም ከኢትዮጵያ ከሚላኩት አንዱ ነው። በእነዚያ የአበባ ቤቶች ሠራተኛ እጁን ሳይታጠብ፣ ጫማውን በመድኃኒት ሳይነክር የማይገባው ለዚህ ዓይነቱ ጣጣ ነው። እዚህ ዙሪክ በረንዳችሁ ላይ ያለው ክሪሳንተመም የመጀመሪያውን ቅጠሉን ያወጣው እኅቶቻችን እጅ ላይ ሊሆን ይችላል።

በሻንጣ ስለሚመጣው ግን ሕጉ ሌላ ነው። ከ2020 ወዲህ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ ሀገር ተክልም፣ ቀንበጥም፣ የተቆረጠ አበባም፣ ዘርም፣ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልትም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሳይኖር ወደ ስዊዘርላንድ ማስገባት ክልክል ነው። የተፈቀዱት አናናስ፣ ኮኮናት፣ ዱሪያን፣ ሙዝና ተምር ብቻ ናቸው። እናንተ ከአዲስ አበባ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላችሁ የምታመጡት የጤና አዳም ቀንበጥ በጄኔቫም ሆነ በዙሪክ አውሮፕላን ጣቢያ ይወሰድባችኋል። የተፈጨ በርበሬና ሽሮ በዚህ አይነኩም። የቅቤው ሕግ ለብቻው ነው፤ ዛሬ አናነሳውም።

መቃብር ላይ ስለሚቀመጠውም ላክልበት፤ በዚህ ወቅት ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። የቀይ መስቀል መሥራቹ ሄንሪ ዱናንት ጄኔቫ ተወልዶ ዙሪክ የተቀበረ ሰው ነው፤ ያረፈው ኦክቶበር 30 ቀን 1910፣ ልክ ክሪሳንተመም በሚያብብበት ሰሞን፣ መቃብሩም ዚልፌልድ ነው። ዚልፌልድን የመሰለ ሰፊ መቃብር ቦታ በኖቬምበር መጀመሪያ በአንድ ጊዜ ብዙ ክሪሳንተመም የሚሰበሰብበት፣ ዝናብ የሚወርድበት፣ ማንም ቅጠል የማይገለብጥበት ቦታ ነው። እዚያ ያኖራችሁትን ማሰሮ «አበባው ገና ነው» ብላችሁ መልሳችሁ ወደ ቤት አታምጡት። ቤት ያለው ጤነኛ ከሆነ እዚያው ይቆይ፤ የመቃብሩም እዚያው።

ለሚቀጥለው ዓመት ያቆያችሁት ተክል ካለ ደግሞ ብርዱ ሲያልፍ፣ ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል ላይ፣ ከሥሩ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ጣት የሚያህል ርዝመት ሲደርስ ከታች ያሉትን ሁለት ሦስት ቅጠሎች ገልብጡ። ንጹሕ ከሆነ ቀንበጡን ቆርጣችሁ አዲስ አፈር ላይ ትከሉና አሮጌውን ሥር ጣሉት፤ ወጣቱ ተክል ሁልጊዜ ይሻላል። ከ10 ቀን በኋላ ደግሞ አንዴ ገልብጡ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን በረንዳ ላይ ስለሚበቅል ጎመንና ስለሚያስቸግሩት ትሎች እናወራለን። ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)